ወደ ላይ የተወረወረን ድንጋይ የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው?

ምንም። ድንጋዩ ከእጅ ካመለጠ በኋላ ወደ ላይ የሚገፋው አንዳች ኃይል የለም። እዚህ ጎንደር ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ስናገር ክፍሉ ያጉረመርማል፤ ያ አይከፋኝም። የከፋኝ ሰሞኑን ተማሪዎችን ለፈተና የሚያዘጋጅ ሰው በልበ ሙሉነት፣ «ጫፍ ላይ ሲደርስ የውርወራው ኃይልና የመሬት ስበት እኩል ይሆናሉ፤ ለቅጽበት የሚቆመውም ለዚህ ነው» ሲል መስማቴ ነው።

ወንድሜ፣ እኩል ከሆኑማ ለምን ይወርዳል? በቆመ ነገር ላይ ያሉት ኃይሎች ተጣፍተው ዜሮ ከሆኑ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ኒውተን በ1687 ያሳተመው የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው። እንዳልከው ቢሆን ጃንተከል ዋርካ ሥር ልጆች ያጎኑት ጠጠር ሁሉ እስከ ዛሬ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ባየነው ነበር።

ቅልብልቦሽ ስትጫወት የምታዩአትን ልጅ ልብ በሏት። አንዷን ጠጠር ታጎናለች፣ መሬት ያሉትን ታፍሳለች፣ የጎነችውን ትቀልባለች። የእጇ ኃይል ያለው ጣቷ ጠጠሯን እስከነካ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠጠሯ ይዛ የምትወጣው ፍጥነት እንጂ ኃይል አይደለም።

ፍጥነቱን እንደ ጎተራ እህል ቁጠሩት። እጅ የሚሞላው አንዴ ነው። ስበት ደግሞ በየሰከንዱ እኩል እየሰፈረ የሚያወጣ በላተኛ ነው፤ ስፍሩም 9.8 ሜትር በሰከንድ። በ20 የተነሣ ድንጋይ ከአንድ ሰከንድ በኋላ 10.2 ይቀረዋል፤ ከሁለት በኋላ 0.4፤ ወዲያው ባዶ። ጫፍ የምንለው ይህን ነው፣ 20 ሜትር ግድም ላይ። ታዲያ ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት በላተኛው ሞተ ማለት ነው? በዚያችው ቅጽበትም መስፈሩን አላቋረጠም፤ ከዚህ በኋላ በብድር ይበላል። ብድሩ ወደ ታች ያለው ፍጥነት ነው። (መሬት ሲነካ ይከፈላል ልል ነበር፤ ምሳሌው እዚህ ላይ ስለሚላላ ልተወው።)

ስሕተቱ የሞኝ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሂፓርከስም እንዲሁ ያስብ ነበር፦ የወርዋሪው ኃይል ከድንጋዩ ጋር ይወጣል፣ እየደከመ ይሄዳል፣ ክብደቱ ሲያሸንፈው ይወርዳል። ጋሪ መግፋት ሲተው የሚቆም ዓለም ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ልክ ይመስላል። ጋሪውን የሚያቆመውን ሰበቃ ማን ያየዋል?

«አየሩስ?» የሚል አይጠፋም። አየር ኃይል አለው፤ ግን ድንጋዩ ሲወጣ የአየሩ ተቃውሞ ወደ ታች ሆኖ ከስበት ጋር ያብራል። ወደ ላይ የሚዞረው ሲወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመውጫው ይልቅ መውረጃው ጥቂት ይረዝማል። ለድንጋይ ኢምንት ነው፤ ተጨብጦ ለተጎነ ፌስታል ግን በዓይን ይታያል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯም ሳሳ ያለ ነው። 9.8 ያልኩትም እዚህ ሲለካ ወደ 9.78 ይጠጋል። ፈተናው 10 ውሰዱ ካለ ግን 10 ውሰዱ።