በፍሳሽ ውስጥ ስላለ መድኃኒት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ወንዙን በመድኃኒት የሚበክለው ሆስፒታል ነው»

ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን የሚያይ ሰው ቶሎ የሚወቅሰው ሆስፒታሎችን ነው። ድርሻ አላቸው፤ ብዙው ግን ከየቤታችን በሽንት የሚወጣው ነው። አሞክሳሲሊን የዋጠ ሰው ከግማሽ በላዩን እንዳለ ይሸናዋል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም ሰውነት ውስጥ ሳይለወጥ ይወጣል።

«በረኪና ከገባበት ይጸዳል»

በረኪና ጀርም ይገድላል። ኢቡፕሮፌንን ግን እምብዛም አይነካውም። ፓራሲታሞልን ይለውጠዋል፤ ከሚፈጠሩት ውስጥ ግን ከፓራሲታሞሉ የባሱ መርዞች አሉ።

«መጠኑ ኢምንት ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ለሚጠጣ ውሃ ይህ ከእውነት አይርቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የመከሰት ዕድሉ በጣም አነስተኛ መሆኑን ገልጿል። ዓሣ ግን ሌላ ነው። ካናዳ ውስጥ ለሙከራ በተመረጠ ሐይቅ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን ሲጨመር አንድ የትንንሽ ዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ደርሷል።

«ኦዞን ካለ ሌላ ማጣሪያ አያስፈልግም»

በብዛት የምሰማው ይህን ነው፤ ገንዘብ የሚያስበላውም ይኸው ነው። ኦዞንም (ፍሳሽ ለማጣራት የሚለቀቅ ጋዝ) ሆነ ፌንተን (የብረት ጨውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ) ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ በቅጽበት የሚጠፋ ቅንጣት ነው። ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፣ አይመርጥም። በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ መድኃኒቱ የሚለካው በናኖግራምና በማይክሮግራም ሲሆን ሌላው ቆሻሻ በመቶዎች ሚሊግራም ነው። ኦዞንን ጥሬ ፍሳሽ ላይ መልቀቅ ለአንድ እንግዳ የተዘጋጀ ምግብ ሠርግ ቤት በር ላይ እንደማስቀመጥ ነው፤ እንግዳው ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ስለዚህ ቆሻሻውን መጀመሪያ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ኦዞኑ ከዚያ ይከተላል። ስዊዘርላንድ በ2014 እ.ኤ.አ. በኖይጉት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ከ2016 ጀምሮም ሕጓ የተመረጡ ጣቢያዎች ከእነዚህ በካዮች 80 በመቶውን እንዲያስወግዱ ያዛል። ከመሀል አዲስ አበባ በቱቦ የሚሄደው ፍሳሽ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል፤ ቱቦ ያልገባላቸው ቤቶች ግን ብዙ ናቸው። ከእነሱ በቀጥታ ወንዝ የሚገባውን ቃሊቲ ላይ የሚተከል ኦዞን አያገኘውም። ለእኔ ቅድሚያው ቱቦው ነው።

«መድኃኒቱ ወደ ውሃና አየር ተለውጦ ይጠፋል»

አልፎ አልፎ ካልሆነ አይጠፋም፤ ይሰበራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ካርባማዜፒን ኦዞን በፍጥነት ይሰብረዋል፣ ስብርባሪው ግን ይቀራል። ከኦዞኑ በኋላ የአሸዋ ማጣሪያ የሚቀመጠው እዚያ ያሉ ተሕዋስያን የሚችሉትን እንዲበሉ ነው። ውሃው ውስጥ ብሮማይድ የሚባል ጨው ካለ ደግሞ ኦዞን ብሮሜት የተባለ ጎጂ ውሁድ ሊፈጥር ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ከ10 ማይክሮግራም በሊትር በላይ እንዳይሆን ይመክራል። ኦዞን ከመተከሉ በፊት ብሮማይዱ የሚለካው ለዚህ ነው።