ቀዩ የውሃ ተርብ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ከረር ሲል በሐይቁ ዳር ያለፈ ሰው፣ የደንገል ጫፍ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የተቀመጠ እንደ በርበሬ የቀላ ፍጥረት ሳያይ አይቀርም። ቀዩ የውሃ ተርብ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ክሮኮቴሚስ ኤሪትሪያ ይባላል። መንደፊያ ስለሌለው ሰው አይነድፍም። ልጆች ፈርተውት በዱላ ሲመቱት ሳይ በጣም ያሳዝነኛል።

ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚቀላው የጎለመሰው ወንድ ሲሆን ፊቱ፣ ዓይኑ፣ እግሩ ሳይቀር ቀይ ነው። ሆዱ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ የኋላ ክንፎቹ ሥር ቢጫ ጥላ አለ። ሴቷና ገና ያልጎለመሰው ወንድ ቡናማ ቢጫ ስለሆኑ ብዙ ሰው ሌላ ዝርያ ይመስሉታል። ቀትር ላይ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ሙቀቱ ሲበረታበት ሆዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፀሐይ ያቆማል። እንዲህ ሲሆን ጨረር የሚያርፍበት ገላው ያንሳል።

በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በምዕራብ እስያ ይገኛል። የሚወደው የረጋ፣ ሞቅ ያለ፣ ጥልቀት የሌለውና ሣር የበዛበት ውሃ ነው፤ የሩዝ ማሳም ይስማማዋል። የጣና ዳርቻና የፎገራ ሜዳ ታዲያ ለእሱ የተመቹ ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ዕድሜ ነው። ሴቷ እየበረረች የሆዷን ጫፍ ውሃው ላይ ነካ ነካ እያደረገች እንቁላሏን ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ ክንፍ የለውም፤ ጭቃና ሣር ውስጥ አድፍጦ ያድናል። የታችኛው ከንፈሩ ከአገጩ ሥር ተጣጥፎ ይቀመጥና የወባ ትንኝ እጭ ወይም ጥቃቅን የዓሣ ጫጩት ሲጠጋው ድንገት ተወርውሮ ይይዘዋል። የሚተነፍሰው በአንጀቱ መጨረሻ ውሃ እያስገባ ነው፤ ሲደነግጥ ያንኑ ውሃ በኃይል ወደ ኋላ ተፍቶ ወደ ፊት ይፈናጠራል።

ጊዜው ሲደርስ ግንድ ወይም ሣር ይዞ ከውሃው ይወጣል፤ ጀርባው ይሰነጠቅና ባለ ክንፉ ተርብ ይወለዳል። ስለዚህ ደንገሉና ፊላው የግድ ያስፈልጉታል። ለታንኳ የሚታጨድ ደንገል መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የሚጎዳው ዳርቻው ለእርሻ ከነሥሩ ሲመነጠር ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ የተንሰራፋው እንቦጭም ደንገሉን አይተካለትም፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያለብሰው ሴቷ እንቁላል የምትጥልበትን ገላጣ ውሃ ይዘጋባታል፣ ከሥሩም ብርሃንና ኦክስጅን ያሳጣል።