ሬይድ 5 ስንት ዲስክ ቢበላሽበት ይችላል?

ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም ያው ጥያቄ ይመላለሳል፦ «ሰርቨራችን ሬይድ 5 ነው፤ ዲስክ ቢበላሽ ችግር የለውም አይደል?» አለው እንጂ! ሬይድ 5 ማለት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ዲስኮችን እንደ አንድ አጣምሮ ዳታ የሚያስቀምጥ ዘዴ ነው።

ነገሩን በባቲ የሰኞ ገበያ እንየው። አንዱ 4 ፍየል ይዞ መጣ፣ ሌላው 3። ሦስተኛው ፍየል የለውም፤ ድምሩን፣ ማለትም 7ን፣ ጽፎ ይዟል። የመጀመሪያው ቢጠፋብን ከ7 ላይ 3 ቀንሰን 4 እንደነበሩት እናውቃለን። ሁለቱ ከጠፉ ግን በቀረው አንድ ቁጥር ምንም አይሰላም። ሬይድ 5ም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ድምሩን በሁሉም ዲስኮች ላይ በታትኖ ማስቀመጡ ነው። የአንድ ዲስክ ሞት ይችላል፣ የሁለት አይችልም።

ጣጣው የሚመጣው አዲስ ዲስክ ስትተኩ ነው። የጎደለውን ለማስላት የቀሩት ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። አብረው ተገዝተው እኩል ያረጁ ከሆኑ አንዱ እዚያው መሐል ሊሰናከል ይችላል። ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከሌላችሁ መጀመሪያ ዳታውን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ።

ሁለት ዲስኮች ከተበላሹስ? ሰርቨሩን አጥፉ። ዲስኮቹን ሳታወጡ በየተራቸው ቁጥር ጻፉባቸው። ኮምፒውተሩ «ኢኒሻላይዝ» (ዲስኮቹን እንደ አዲስ ማዘጋጀት) ላድርግ ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ እንዳትሉ፣ አደራ! የማዳን ሥራው የሚሠራው በዲስኮቹ ቅጂ ላይ ነው፤ ዋናዎቹ አይነኩም።

ምን ያህሉ ይተርፋል የሚለው ይለያያል። የዲስኩ ሰርኪት ብቻ ከተቃጠለ ተስፋ አለ። ውስጡ ከተጫረ ግን የተጫረው ቦታ አይመለስም።