እራት፣ እንቅልፍና ፍትወት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

ዕብራውያን 12፥16ን አንብቡት። ቅዱስ ጳውሎስ ሴሰኛውንና «ስለ አንድ መብል» ብኵርናውን የሸጠውን ዔሳውን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። በአጋጣሚ አይመስለኝም። ዔሳው ከዱር የመጣው ደክሞና ርቦት ነው። የምስር ወጡን ሲያይ «እነሆ፥ እኔ ልሞት ነው» አለ። ሊሞት አልነበረም እኮ! ድካምና ረሃብ ሲደራረቡ ግን እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ብዙዎቻችን ከዝሙት ሐሳብ ጋር የምንታገለው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ነገሩ የተበላሸው ግን ገና ማታ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾመን፣ ማታ ላይ እንደ ካሣ የጾም ፒዛ እንበላለን። በላዩ ለስላሳ፣ በላዩ ቡና። ሆድ ይከብዳል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። «እስኪወስደኝ ትንሽ ልይ» ብለን ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ እንከፍታለን። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሐኪሞችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። እንቅልፍ ሲጎድል፣ ከግንባር በስተኋላ ያለውና «ተው» የሚለን የአንጎል ክፍል ይደክማል። ጣፋጭና ቅባት አብዝቶ ያምረናል። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ ለ5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ፣ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣት የትዳርን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ንጽሕናን አይሰጥም።

እንቅልፍ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሠራዊቱ ረባትን ከቦ ሳለ፣ ዳዊት ወደ ማታ ከምንጣፉ ተነሥቶ ሰገነት ላይ ይመላለስ ነበር፤ የሰው ሚስት ቤርሳቤህን አይቶ የወደቀውም ያኔ ነው። ኤልያስ ግን ሮጦ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ወደቀ። መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻ አበላው፣ ውኃ አጠጣው፤ ነቢዩም ተመልሶ ተኛ።

እኔ ከዐቢይ ጾም ይልቅ የምፈራው በዓለ ሃምሳን ነው። ጾም የለ፣ ስግደት የለ፣ ሥጋው በየቤቱ። ብሉ፣ ደስም ይበላችሁ፤ ግን እራታችሁን በጊዜ ብሉ፣ ስልኩም ሳሎን ይደር። ቡናን ከሰዓት በኋላ መተው ለሐበሻ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ የማታው ይቅር።

ሕልመ ሌሊት (በእንቅልፍ ልብ ዘር መፍሰስ) ያገኘው ወጣትም አይደንግጥ። ተፈጥሮ ነው። የዚያን ቀን ሥርዓቱን ይጠብቅ፣ ከንስሐ አባቱም ይማከር።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የወንድነት ድክመትን ሁሉ «መተት ነው» አትበሉ። ብዙ ጊዜ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሲጋራ ከኋላው አለ። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ምርመራውንም አድርጉ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ፤ ያላዘዘላችሁንም ከሱቅ ገዝታችሁ አትዋጡ።