ተልባ፣ አብሽና ቀይ ሽንኩርት፦ የጎንደር ማዕድና የስኳር በሽታ

ቦርጭ፣ 130/85 የደረሰ የደም ግፊት፣ ሳይበሉ ሲለካ 100 የደረሰ የደም ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ መብዛት፣ የ«ጥሩው» ኮሌስትሮል ማነስ። ከእነዚህ አምስቱ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሉታል። ሰውየው ምንም ላያመው ይችላል። ነገር ግን በሁለተኛው ዓይነት ስኳርና በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ዕፅዋት ውስጥ ያሉ ውህዶች ይህን ስጋት ይቀንሱ እንደሆነ ብዙ ተጠንቷል። ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች፣ ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት የሚያዘወትሩት በስኳር በሽታ የሚያዙት አነስ ብሎ እንደሆነ ያሳያሉ። ውህዱ ተነጥሎ በእንክብል ሲሰጥ ግን ውጤቱ አንዴ ይሆናል፣ አንዴ አይሆንም። ስለዚህ እንክብሉን ትተን ድስቱን እንይ።

ጎንደር በዚህ በኩል አልተበደለችም። ከደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ገብስና ባቄላ፣ ከመተማ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ ይመጣላታል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዚያ ላይ የሁዳዴ 55 ቀናት ሲታከሉ፣ በጿሚው ቤት የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍት ነው።

ተልባ ሊግናን በሚባል ውህድ የሚስተካከለው ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ፍሬው እንዳለ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል። እናቶቻችን ይህን የትም አላነበቡም፤ ብቻ ይቆሉታል፣ ይወቅጡታል፣ ይነፉታል፣ በውሃ ይበጠብጡታል። ሊግናኑን ሰውነት ወደሚጠቀምበት መልክ የሚለውጡት የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ላይ ይህ ሥራ ለጊዜው ይዳከማል።

የአብሽ ጉልበት ያለው ዝልግልጉ ላይ ነው። ዱቄቱ ይዘፈዘፋል፣ መራራው ውሃ እየተደፋ ይቀየራል፣ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። ዝልግልጉ አንጀት ውስጥ ስኳር ተጣድፎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ታዲያ እሱኑ በሦስት ማንኪያ ስኳር አጣፍጦ መጠጣት ምን ይባላል? የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አብሽ አብዝቶ ከጠጣ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ለሐኪሙ መንገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሆስፒታል አለው፤ ክትትል ያለው ሰው እዚያው ይጠይቅ።

ቀይ ሽንኩርት ኩዌርሴቲን የሚባል ውህድ አለው፤ የሚበዛውም ውጪኛው ንጣፍ ላይ ነው። በጥልቀት የሚልጥ ሰው ጥሩውን ክፍል ይጥላል። ሲቀቀል ከውህዱ ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ወጥ ላይ ግን መረቁም ስለሚበላ ብዙ አይባክንም። ጤፍም ቢሆን ቀዩ ከነጩ ይልቅ ፖሊፊኖል በሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ይበልጣል፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረት እንዳይመጠጥ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል።

ጾም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳም የጾም ናቸው። ከተሜው ጾሙን በእነዚህ እየገፋ ቦርጭ ሲያወጣ «ሥጋ እንኳ ሳልበላ!» ብሎ ይገረማል።

ቡና የራሱ ጉዳይ አለው። ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር አነስ ብሎ ይታያል፤ ካፌኑ የወጣለት ቡናም ያው ነው። ስለዚህ ትኩረቱ ክሎሮጀኒክ አሲድ ወደሚባለው ውህድ ዞሯል። ይህም ከፖሊፊኖሎች አንዱ ነው፤ ግን ብረት እንዳይመጠጥ ይይዛል። የደም ማነስ ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ምሳዋን እንደጨረሰች አቦሉን ከምትጠጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው ይሻላታል።