በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሕፃናት ከሕክምና በፊት የሚደረግ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ

ለጥርስ ነቀላ፣ ለቶንሲል ወይም ለቡአ ቀዶ ሕክምና የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ይታያል። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎም ሆነ በአቃቂ ቃሊቲ ፈጣኑ ምርመራ በኪት (ውጤቱን በመስመር በሚያሳይ ትንሽ መመርመሪያ) እዚያው ይሠራል። ራሱን ቫይረሱን የሚፈልገው ፒሲአር ግን ማሽኑ ወዳለበት ላቦራቶሪ ናሙና መላክ ይጠይቃል።

ምርመራው በመጀመሪያ የሚጠቅመው ልጁን ነው፤ ሳይታወቅ የቆየ ሕመም ቢኖር ሕክምና ይጀመርለታል፣ ጉበቱ ተጎድቶ ከሆነም የደም መርጋት ችግርና የማደንዘዣው መድኃኒት አስቀድሞ ይታሰብበታል። ባለሙያውን የሚጠብቀው ጓንቱና የመርፌ አወጋገዱ ነው፤ እሱም ለሁሉም ልጅ እኩል ይደረጋል። በቅርቡ የተያዘ ሰው ምልክቱ በኪት እስኪታይ ሳምንታት ስለሚያልፉ ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት ዋስትና አይሆንም። ፖዘቲቭ የሆነን ልጅ ቀዶ ሕክምና መከልከል አሠራሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ውጤቱ የሚነበበው ከዕድሜ ጋር ነው። እናት ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ ሲ የሠራችው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ኪቱ የሚፈልገው የሰውነት መከላከያ፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚያልፍ በልጁ ደም እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የ7 ወር ልጅ በኪት ኤችአይቪ ፖዘቲቭ ቢወጣ ስለ እናቱ ይናገራል እንጂ የልጁን መያዝ አያረጋግጥም፤ ፒሲአር ያስፈልጋል። ከእናቱ ለተጋለጠ ሕፃን ፒሲአሩ በ6 ሳምንቱ ይሠራል። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ግን ኪቱ የሚፈልገው የራሱን የቫይረሱን ሽፋን ፕሮቲን ስለሆነ የእናት ፀረ እንግዳ አካል አያሳስተውም። የሚያሳስተው ክትባት ነው፤ ክትባቱን በወሰደ በ3 ሳምንት ውስጥ የተመረመረ ሕፃን ለጊዜው ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ክትባት በፔንታ (አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው ጥምር ክትባት) ውስጥ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስለሚሰጥ፣ ደም ከመቀዳቱ በፊት የክትባት ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ማየት ግድ ነው። በ8 ቀኑ ለሚገረዝ ልጅ ደግሞ ከእሱ ደም ይልቅ የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል ካርድ ይበልጥ ይናገራል።

ናሙናው ከጨቅላ ሕፃን ከተረከዝ ጎን፣ ከፍ ካለ ልጅ ከመሀል ወይም ከቀለበት ጣት ይወሰዳል። ተረከዝ ላይ ላንሴቱ (ትንሿ መውጊያ) ከ2.4 ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ አጥንት ሊነካ ይችላል። በሱሉልታ ብርድ የቀዘቀዘ እግር ደም አይሰጥም፤ አስቀድሞ ለብ ባለ ጨርቅ ይሞቃል። አልኮሉ ሲደርቅ ይወጋል፣ የመጀመሪያው ጠብታ በጥጥ ይጠረጋል። አጥብቆ መጭመቅ ናሙናውን ያቀጥነዋል። ለፒሲአር የሚላክ ከሆነ የደም ጠብታ በሚደርቅበት ልዩ ወረቀት ላይ ያሉት 5 ክቦች ይሞላሉ፤ ወረቀቱ ከፀሐይና ከአቧራ ርቆ ቢያንስ 3 ሰዓት፣ በዝናብ ወቅት እስከ ማግስቱ ይደርቃል። ጠብታ በጠብታ ላይ ከተደረበ ወይም እርጥቡ ከታሸገ ናሙናው ውድቅ ይሆናል። የኪራይ ቤትና ስልክ የቀየረን ቤተሰብ ፈልጎ ለሁለተኛ ናሙና መጥራት ደግሞ ዳርቻው ላይ ቀላል አይደለም።

ብዙዎቹ ኪቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን በበጋ እኩለ ቀን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ንባቡ በኪቱ መመሪያ በተጻፈው ደቂቃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20። በሰዓቱ የታየች ደብዛዛ መስመር ፖዘቲቭ ናት፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የመጣች አትቆጠርም። ኪቱ በትክክል መሥራቱን የምታሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልወጣች ምርመራው በአዲስ ኪት ይደገማል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን የስም ነው፦ አብረው የመጡ ወንድማማቾች የአባትና የአያት ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ ስምና የካርድ ቁጥር ልጁ ፊት ካልተጻፈ ቱቦዎቹ ይቀያየራሉ።

አንድ ኪት ፖዘቲቭ ቢያሳይ ኤችአይቪ አለበት አይባልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በተለያዩ ኪቶች ተከታታይ 3 ፖዘቲቭ ውጤት ነው። የልጅ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የእናቱንም ስለሚገልጥ በወረፋ ፊት አይነገርም፤ እናቲቱ ለብቻዋ ተጠርታ ከምክር ጋር ይነገራታል፣ ሌሎቹ ልጆችም ይመረመራሉ።

በሥራው መሀል መርፌ ባለሙያውን ከወጋው ቦታው ሳይጨመቅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠባል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ፣ ግፋ ቢል ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ስለሚቆይ የፈሰሰው ደም በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይጸዳል፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ ማለት ነው።