የበዓል ካርድ መላላክ በጅማ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የበዓል ካርድ፣ በተለምዶ ፖስት ካርድ የሚባለው፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በኢድ አልፈጥርና በአረፋ ሰሞን ለዘመድ፣ ለወዳጅ፣ ለመምህርና ለሥራ ባልደረባ የሚላክ የመልካም ምኞት መግለጫ ነው። በጅማ ከተማ ልማዱ ጎልቶ የታየው ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ ይህ ዳሰሳም በአብዛኛው የተደገፈው ከዚያ ዘመን ተርፈው በየቤቱ አልበምና ሣጥን ውስጥ በሚገኙ ካርዶች፣ እንዲሁም ካርዶቹን በላኩና በተቀበሉ ሰዎች ትዝታ ላይ ነው። ካርድ መላክ ለድካሙና ለወጪው ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ከእጅ ስልክ ጋር የመጣ ቢመስልም፣ ከስልኩ በፊትም ሲነሣ የኖረ ነው፤ መልሱም እንደ ላኪው፣ እንደ ተቀባዩና በሁለቱ መካከል እንዳለው ርቀት ይለያያል።

ከተማዋና በዓላቷ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የቡና ንግድ ያሳደጋት፣ የበርጩማ ጠራቢዎቿም ስም በመላ አገሪቱ የታወቀላት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 120,960 ነዋሪዎች ተመዝግበውባታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 47 በመቶ ያህሉ የኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶ ያህሉ የእስልምና፣ 13 በመቶ ያህሉ ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ነበሩ። በዙሪያዋ ባለው ዞን ግን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው።

ከተማዋን ለካርድ የተመቸች ያደረጋት ይህ ስብጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በበዓል ቀን ካርድ አይላላኩም፤ ተጠያይቀው፣ ለየቤታቸው በሚስማማ መንገድ ተጋብዘው ይውላሉ። ካርዱ የሚጀምረው ከሁለቱ አንዱ ሥራ ተቀይሮለት ወደ መቱ፣ ወደ ነቀምቴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ዕለት ነው። በጅማ ቤቶች ተጠብቀው ከሚገኙት ካርዶች መካከል ላኪው የማያከብረውን በዓል ምክንያት አድርጎ የላካቸው ቀላል የማይባሉት ለዚህ ነው። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የእርሻ ባለሙያውና የባንክ ሠራተኛው ተመድቦ የሚመጣባትና ተዛውሮ የሚሄድባት ከተማ መሆኗም ለካርዱ ዘወትር ላኪና ተቀባይ አላሳጣትም።

አነሣሡ

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከከተማዋ አጠገብ ባለው ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ሆነው በገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ መልእክት በሰው እጅ ይመላለስ ነበር። የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም ፓሪስ ላይ ታተሙ፤ አገሪቱ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጅማ የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ ስትሆን ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ፖስት ካርድ ይልኩ ነበር።

ለሽያጭ የታተመ የመጀመሪያው የገና ካርድ የወጣው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሹም ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን አሥሎ 1,000 ያህል ቅጂ አሳተመ፤ ምክንያቱም ለደረሱት ደብዳቤዎች ሁሉ በእጁ መልስ ለመጻፍ ጊዜ ማጣቱ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ካርድ መላክ አድካሚ ነው የሚሉ ሰዎች ካርዱ ከመነሻው የታሰበው ድካም ለማቅለል መሆኑን ልብ ሊሉ ይገባል።

በእኛ በኩል ግን ከለንደኑ ጋር የማይያያዝ ሌላ ሥር አለ። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ የሣሏቸውን አበባዎች፣ መላእክትና ፀሐይ ይዘው በየቤቱ ያድላሉ፤ ተቀባዩም ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል። ይህ ሥዕል የበዓል ካርድ አባት ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለቱ ለየብቻቸው የመጡ ናቸው የሚሉም አሉ። ሥዕሉ በአካል የሚሰጥ፣ ካርዱ ደግሞ በሩቅ ላለ ሰው የሚላክ መሆኑ ሁለተኛውን አስተያየት የሚደግፍ ይመስላል። ያም ሆነ ይህ በጅማ ለገበያ የቀረቡ የእንቁጣጣሽ ካርዶች ላይ አደይ አበባ ሳይኖር የቀረበት ጊዜ እምብዛም አይታይም።

ልማዱን በከተማዋ ያጸኑት የትምህርት ተቋማቷ ናቸው፤ ይህም ያለ ጥርጥር ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ባለሙያዎች እገዛ ሥራ የጀመረው አንጋፋው የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተውና በኅብረተሰብ ተኮር ትምህርቱ ስም ያተረፈው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ከየክፍለ ሀገሩ ወጣቶችን ሰብስበዋል። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1999 ተዋሕደው የዛሬውን ጅማ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ። ቤተሰቡ ሩቅ የሆነና ገናን በትምህርት ላይ የሚያሳልፍ ተማሪ ለቤቱ ከሚልከው ነገር ሁሉ ርካሹ፣ ለእናቱ ግን ውዱ፣ ካርድ ነበር።

ካርዱ በሰፊው በተላከበት ዘመን

ካርድ የሚሸጠው በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና በዓል ሲቃረብ መንገድ ዳር በሚዘረጉ ሻጮች ነበር። በፈረንጅ አራዳና በሂርማታ መርካቶ አካባቢ ካርዶች በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው፣ ዝናብ ሲያካፋ በላስቲክ ተሸፍነው ይታዩ ነበር፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብባት ከተማ፣ ያውም ክረምቱ ገና ሳይወጣ ለሚሸጥ የእንቁጣጣሽ ካርድ፣ ላስቲኩ ዋና ዕቃ ነው። ርካሹ ባለ አንድ ገጽ ካርድ ሲሆን፣ ከእሱ ከፍ የሚለው ባለ ሁለት እጥፉ ከነፖስታው የሚሸጠው ነው። የሚያብለጨልጭ ዱቄት የተነሰነሰበትና ሲከፈት ሙዚቃ የሚያሰማው ደግሞ ለእጮኛ የተመደበ ያህል ነበር። የሥዕሎቹ ዓይነት ብዙ ነው፤ አደይ አበባ፣ የልደት ሥዕል፣ ላሊበላ፣ ጀበናና ስኒ፣ መካ፣ ግማሽ ጨረቃና ኮከብ። ከውጭ ታትመው የሚመጡት የገና ካርዶች በረዶ የለበሰ ጥድና ቀይ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ይዘው ይመጡ ነበር፤ በረዶ አይቶ ለማያውቅ የጅማ ተቀባይ ነገሩ እንግዳ ቢሆንም ያማረ ካርድ ነው ተብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር።

የእንቁጣጣሽ ካርድ ንግድ የራሱ ስሌት አለው። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ስለሚጠሩ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ የሚል የታተመ ካርድ ለሚቀጥለው ዓመት አይሆንም። ሳይሸጥ የተረፈውን ካርድ ነጋዴው ጠቅልሎ ቢያስቀምጠው አራት ዓመት ቆይቶ ተራው ይመለስለታል፤ ዓመተ ምሕረቱም አብሮ ከታተመበት ግን ለዘለዓለም ቀረ። ብልህ ነጋዴ በዚህ ምክንያት የወንጌላዊው ስምና ዓመቱ ሳይታተም ባዶ ቦታ የተተወበትን ያመጣ ነበር፤ የቀረውን ገዢው በእስክሪብቶ ይሞላዋል።

ከመግዛት ይልቅ የሚከብደው ማድረሱ ነው። በኢትዮጵያ ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። ሣጥን የሚከራየው በአብዛኛው መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ነጋዴ በመሆኑ፣ ተራው ሰው ካርድ የሚደርሰው በሌላ ሰው ሣጥን በኩል ነው። የፖስታዎቹ አጻጻፍ ይህንን በግልጽ ያሳያል፦ ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ እገሊት፣ በአቶ እገሌ በኩል፣ ከዚያም የትምህርት ቤቱ ስምና ፖ.ሣ.ቁ.። ስለዚህ አንዲት ካርድ ከላኪ እስከ ተቀባይ ቢያንስ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የሣጥኑን ቁልፍ የያዘ ተላላኪና ስሟ በፖስታው ላይ ያለውን ሴት የሚያውቅ አንድ አስተማሪ ትፈልግ ነበር። የገጠር ቤተሰብ ያለው ሰው ካርዱን በአውቶቡስ ረዳት ወይም ለገበያ በመጣ ያገር ሰው እጅ መላክን ይመርጥ ነበር፤ ይህ ቴምብር አይጠይቅም፣ አንዳንዴም ከፖስታው ይፈጥናል።

በውስጡ የሚጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታተመው ጽሑፍ ይበልጣል። ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ ከሚለው መነሻ በኋላ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ታመመች አያት የሚጠይቅ አረፍተ ነገር በካርዱ ጠርዝ ዙሪያ እየዞረ እስከ ጀርባው ይሄዳል። ለታላቅ ሰው የሚላከው አንቱታውን ጠብቆ፣ ጋሼ ወይም እትዬ ብሎ ይጀምራል፤ ለሙስሊም ሽማግሌ የሚላከው ሐጂ የሚለውን ማዕረግ አይዘነጋም። ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ጽሕፈት ከሆነ ወዲህ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ካርዶች እየተበራከቱ መጥተዋል።

የእስልምና በዓላት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ በዓላት መሆናቸው መሥሪያ ቤቶች ለኢድም እንደ ገና ሁሉ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ እንዲያስቡ በር ከፍቷል። ሆኖም የኢድ ካርድ በገበያው ውስጥ ከእንቁጣጣሹ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ሁልጊዜ አነስተኛ ነበር።

የስልክ መልእክት መምጣት

ካርዱን ያዳከመው የእጅ ስልክ ነው መባሉ በጥቅሉ ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን በአንድ ጊዜ የሆነ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ፣ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነበር። በመሆኑም የእጅ ስልክ እየተስፋፋ ሳለ በጽሑፍ እንኳን አደረሰህ ማለት ያልተቻለባቸው ሁለት ዓመታት አልፈዋል፤ ለካርዱም የመጨረሻ ዕድሜ የሰጡት እነዚህ ዓመታት ሳይሆኑ አይቀሩም። የሚሌኒየሙ እንቁጣጣሽ ካርድም መልእክትም የተላከበት ሲሆን፣ ረመዳን በማግስቱ አካባቢ ስለጀመረ በአንድ ካርድ ላይ ለሁለቱም መልካም ምኞት መጻፍ የተቻለበት ወቅት ነበር። ተመሳሳይ መገጣጠም በ2009 ዓ.ም. አረፋ መስከረም 2 ሲውል ቢደገምም፣ ያኔ ሰላምታው የሚላከው በአመዛኙ በስልክ ነበር። ዛሬ አንዱ የተቀበለውን የአበባ ምስል ለሌላው ያስተላልፈዋል፤ ምስሉን መጀመሪያ የላከው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ለድካሙ ይበቃል ወይ?

አይበቃም የሚሉት ወገኖች የሚያነሷቸው ነጥቦች ጠንካሮች ናቸው። ካርድ፣ ፖስታና ቴምብር ተደምረው ከአንድ የስልክ ጥሪ በላይ ያስወጣሉ፤ ካርዱ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ የተቀባዩ ሣጥን ከተለወጠም ከናካቴው አይደርስም። መሥሪያ ቤቶች በማኅተም አሳትመው፣ ማንም ሳይፈርምበት ለደንበኛ የሚልኩት ካርድ ደግሞ ከማስታወቂያ እምብዛም አይለይም፤ ለዚህኛው ቴምብር ማባከን ተገቢ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። የስም ዝርዝር ይዞ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ፊርማ ብቻ ያረፈበት ካርድ የሚያድል ግለሰብም ከዚህ የተሻለ አላደረገም።

ይበቃል የሚሉት በበኩላቸው የሚያቀርቡት ማስረጃ በየቤቱ ያለው አልበም ነው። ካርዶቹ ከፎቶግራፍ ጋር ተቀምጠዋል፣ የእጅ ጽሕፈቱ ታውቋል፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች እንኳን ካርዱን ለጎረቤት ልጅ ደጋግመው አስነብበዋል። የዚህ ዳሰሳ አዘጋጅ ሚዛን የሚደፋው ወደዚህኛው ነው፣ ግን በሁለት ሁኔታዎች ብቻ፦ በካርዱ ላይ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ሲጻፍበት፣ ወይም ላኪው የተቀባዩን በዓል ቀን አስቦ፣ አስቀድሞ፣ የራሱ በዓል ሳይሆን ሲልከው። ኢድን ከጅማ ሩቅ ሆኖ ለሚያሳልፍ ሙስሊም ከቀድሞ ክርስቲያን ጎረቤቱ የሚደርሰው ካርድ፣ ወይም በተቃራኒው፣ በስልክ ከሚመጣው ምስል ጋር በአንድ ተራ የሚቆጠር አይደለም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሲባጎ ላይ የተሰቀለ ካርድ ዛሬ በጅማ ጎዳና ላይ እምብዛም አይገኝም። ማተሚያ ቤቶቹ ካርድ ማተም አልተዉም፤ የሚያትሙት ግን የሠርግ ጥሪና የምርቃት ካርድ ነው፤ እነዚህ በእጅ ስለሚታደሉ ፖስታ ቤት አያስፈልጋቸውም። ከደረቀ የኮባ ቅጠል ተቆርጠው በወረቀት ላይ የሚለጠፉ የእጅ ሥራ ካርዶች ለእንግዳና ለውጭ አገር ወዳጅ ይገዛሉ። የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚያድሉ ልጆች አሁንም አሉ፤ አንዳንዶቹ የሚይዙት ግን በኮምፒውተር የታተመ ነው።

ዛሬ ካርድ በፖስታ ለመላክ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የተቀባዩን ትክክለኛ ፖ.ሣ.ቁ. ወይም ሣጥን ያለውን መሥሪያ ቤት ማወቅ፣ ለአገር ውስጥም ቢሆን በዓሉ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማስገባት ይኖርበታል። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ከዓመታት በፊት ስለሚሰላ ቀኑን በካርዱ ላይ መጻፍ ችግር የለውም። ኢድ አልፈጥር ግን በጨረቃ መታየት ስለሚወሰንና አንድ ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ስለሚችል፣ በረመዳን አጋማሽ የሚላክ ካርድ ላይ ዓመቱ ብቻ ቢጻፍ ይመረጣል።